ውስጡ ባዶ የሆነ ግድግዳ

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ዝናብ ባይወርድ ኖሮ፣ አዛውንቱ ግንበኛ ወደዚያች የስልክ መጠገኛ ቤት ባልገቡ፣ ይህ ክርክርም ባልተደረገ ነበር።

እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ግድግዳ ሲያቆሙ የኖሩ ናቸው። ጠባያቸውም እንደ ግድግዳቸው ቀጥ ያለ ስለ ነበረ፣ ግንበኛ የግድግዳን ቀጥታነት በሚለካባት በገመድ ተንጠልጣይ ክብደት ስም «ጋሼ ቱንቢ» ይሏቸዋል። ሰሞኑን ታዲያ እህታቸው እንባዋን እየጠረገች አንድ አደራ ጥላባቸው ነበር።

«ልጄን ምከርልኝ። የሕንፃ ንድፍ ተምራ፣ ደህና ቢሮ ከገባች በኋላ፣ ሥራዋን ጥላ ኮምፒውተር ላይ የአሻንጉሊት ቤት ትሠራለች። አባቷ የለ፤ አንተን ካልሰማች ማንን ትሰማለች?»

ጋሼ ቱንቢ እሺ አሉ፤ ግን ልጅቱን ስለሚወዷት ዛሬ ነገ እያሉ አቆዩት። አሁን የራሰ ካፖርታቸውን እያራገፉ ቀና ቢሉ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ በተከራየችው ጥግ ያችው የእህታቸው ልጅ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ተቀምጣለች።

«ጋሼ! በስብሰዋል እኮ!» ብላ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

«ዝናቡ ነው ያስገባኝ። እናትሽማ ከላከችኝ ሰነበተች፤ እግሬ ነው እምቢ ያለው።»

ነገሩ ወዲያው ገባት። «እንግዲያው ይምከሩኝ። ግን እኔም መልስ ልስጥ።»

«መልስ የማይፈቀድበት ምክር ስድብ ነው። ተናገሪ። ምንድን ነው ይኼ?»

ኮምፒውተሩ ላይ ሰፊ በረንዳ ያለው የጡብ ቤት ይታያል። «ብዙ ሰው በኢንተርኔት የሚገባበት ዓለም ነው» አለች። «ባለቤቶቹ ባዶ መሬት ይሰጣሉ፤ ቤቱን፣ ዛፉን፣ ወንበሩን የሚሠራው ግን የሚገባው ሰው ራሱ ነው። ከያሉበት በስልካቸው እየገቡ እዚያ ውስጥ ይራመዳሉ፣ ይገናኛሉ፣ በድምፅ ይጫወታሉ። እኔ ቤት እሠራላቸዋለሁ፤ መተዳደሪያዬም ሆኗል።»

«ጣሪያው ዝናብ ያስጥላል?»

«አያስጥልም።»

«ብርድስ?»

«አይከላከልም።»

«ታዲያ ይኼ ቤት አይደለም ልጄ፤ የቤት ወሬ ነው።»

«ቢሮ ሳለሁስ ጋሼ? ከሣልኳቸው ቤቶች ብዙዎቹ መሳቢያ ውስጥ ነው የቀሩት። ያኔ ግን ሥራ ፈታች ያለኝ የለም። የቢሮ ወንበሬ የሚሽከረከር ስለ ነበረ ይሆናል።»

ጋሼ ቱንቢ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ሽማግሌ ከወጣት ጋር ሲከራከር ትልቁ ፈተናው ይኼ ነው፤ ደህና መልስ ሲሰማ መሳቅ ያምረዋል፤ ከሳቀ ደግሞ የተሸነፈ ይመስለዋል። ስለዚህ ሥዕሉን ያዩ ጀመር። ልጅቱም በኩራት ቤቱን በሁሉም ጎኑ እያዞረች ስታሳያቸው፣ ግድግዳው በጀርባው በኩል ተገለጠ። ከኋላው ምንም የለም።

«ጡቡ የታለ?»

«ጡብ የለውም። አንድ ስስ ሰሌዳ ነው፤ ፊቱ ላይ የጡብ ፎቶግራፍ ለጥፌበታለሁ።»

ጋሼ ቱንቢ ከወንበሩ ተነሡ። ስልክ ጠጋኙ መፍቻውን እንደያዘ ቀና አለ።

«እናትሽ ሥራዋን ጣለች ስትለኝ አልተቆጣሁም፤ አሁን ግን ተቆጣሁ። እኔ ከስንቱ ኮንትራክተር ጋር የተጣላሁት በምን ሆነና? ‘ልስን ይሸፍነዋል፣ ማን ያየዋል’ እያሉ ከምሰሶ ውስጥ ብረት ሲቀንሱ አይደለም? ግንበኛ ማለት ሰው የማያየውን ቦታ አሳምሮ የሚሠራ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ሙያሽ ማታለል ሆነ?»

ቃሉ ልጅቱን እንደ ጥፊ መታት። ግን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«የመጀመሪያውን ቤት ልክ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነበር የሠራሁት። እያንዳንዱን ጡብ ለብቻው፣ ከነስድስት ገጹ ቀረጽኩ። የበሩን ማጠፊያ ብሎን እንኳ አልተውኩም። ያየው ሁሉ አጀብ ያለው ቤት ነበር። ግን የሚመጣው ሰው ደጃፉ ላይ ይቀራል። ስልኩ ይግላል፣ ሥዕሉ ድርቅ ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል።»

«ለምን?»

«ስልኩ የሚታየውንም የማይታየውንም ጡብ ተሸክሞ፣ ሰው በተራመደ ቁጥር ቤቱን እንደ አዲስ መሣል አለበት። በእርስዎ ቤት፣ ምሰሶው ውስጥ ያለው ብረት ሸክም ይሸከማል። እዚህ ግን የማይታየው ጡብ ራሱ ነው ሸክሙ። የሚሸከመውም ቤቱ አይደለም፤ እንግዳው ነው። ውድ ስልክ ያለው ይገባል፣ አሮጌ ስልክ የያዘው ደጅ ይቀራል። ውበት ብዬ የሠራሁት አጥር ሆኖ አገኘሁት።»

ጋሼ ቱንቢ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ከዚያስ?»

«የሚደበቀውን ገጽ ሁሉ አነሣሁ። አንዱን መስኮት አሳምሬ ሠርቼ፣ ሌላውን ቦታ ያንኑ ደገምኩት። ሩቅ ያለው ዛፍ በጥቂት ቅጠል ይታያል፤ ሰው ሲቀርበው ሙሉው ይተካዋል። የበሩን እጀታ፣ የበረንዳውን ጠርዝ፣ ሰው ተጠግቶ የሚያየውን ግን አልነካሁም። መቀነስ ከመጨመር ይከብዳል ጋሼ። የቱ ቢቀር ቤቱ እንደማይጎድል ማወቅ አለብኝ።»

«ደጅ ቀረ የምትዪው ሰው ማነው?»

ልጅቱ አመነታች። «ለሳኙ ጓደኛዎ።»

ለሳኙና ጋሼ ቱንቢ አንድ ላይ ያረጁ ናቸው፤ አንዱ ግድግዳ ያቆማል፣ ሌላው ይለስናል። ለሳኙ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ አልጋ ከያዘ ወዲህ ጋሼ ቱንቢ እሑድ እሑድ ይጠይቁታል። ግን ወሬያቸው አልቋል። አንዱ «አይዞህ» ይላል፣ ሌላው ጣሪያ ያያል።

«ሴት ልጁ ስልኩን ልታስጠግን እዚህ መጥታ ነው ያወቅሁት። ቤቴ እንዲገባ ጋበዝኩት። ደጋግሞ ሞከረ፤ አልከፈት ሲለው ‘ለእኔ የሚሆን ቤት የለም’ ብሎ ስልኩን ወረወረው አለችኝ። ጡቦቼን ማፍረስ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው። ልደውልለት?»

ደወለች። ጥቂት ቆይቶ ኮምፒውተሩ ላይ ለሳኙን የሚወክል፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ አጭር ሰውዬ በግቢው በር ገብቶ፣ ዘና ብሎ እየተራመደ ወደ በረንዳው መጣ።

«ማነው እዚያ?» አለ የለሳኙ ድምፅ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ቱንቢ፣ ማንን ማየት እንዳለባቸው ግራ ገብቷቸው።

«ቱንቢ? አንተ ሰውዬ በየት በኩል ገባህ? ና ወደዚህ ውጣ!»

ልጅቱ ጣታቸውን ይዛ ቁልፎቹ ላይ አስቀመጠችላቸው። እሳቸውን የሚወክለው ረጅም ሰውዬ ሁለት እርምጃ ሄዶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ ወደ ኋላ ብሎ ደግሞ ተላተመ። ለሳኙ ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ ጋሼ ቱንቢ ያልሰሙት፣ ከሆድ የሚወጣ የድሮ ሳቁ ነበር።

«ዕድሜ ልክህን ስታቆመው የኖርክ ግድግዳ ዛሬ ተበቀለህ!»

«አንተ ደግሞ አፍህ አልታመመም!»

«የዚህ በረንዳ ልስን የኔ ነው፣ እወቅ። እሷ ስትሠራ እኔ ‘እዚህ ጋ አሻክሪው፣ እዚያ አለስልሺው’ እላታለሁ። ነገም ቀጠሮ አለን።»

ነገም ቀጠሮ አለን! ያ ሰው «ነገ» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ስንት ጊዜው? ጋሼ ቱንቢ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ምንም ያልነካውን መስታወት ደጋግመው ወለወሉ።

ለሳኙ ተሰናብቶ ሲወጣ ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ግን ይኼ እግሩን አይመልስለትም።»

«አይመልስለትም። የእርስዎንም የእሑድ ጥየቃ አይተካም፤ ይተካል አልልም። ግን ጋሼ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውስ ጊዜ?»

ጋሼ ቱንቢ ለመሄድ ተነሡ። ዝናቡም አባርቶ ነበር።

በቀጥታ እህታቸው ቤት ሄዱ። «መከርካት?» አለች ገና በር ላይ።

«ተመክሬ መጣሁ። ስሚኝ፤ ልጅሽ ሙያዋን አልጣለችም፣ ወደ ሌላ አገር ይዛው ሄደች እንጂ። እንደ ለሳኙ ጓደኛዬ ከአልጋው የማይነሣ ሰው ጓደኞቹን የሚያገኝበት በረንዳ ሠርታለች። አሮጌ ስልክ የያዘ እንዳይቀር ብላ በገዛ እጇ የሠራችውን ውበት አፍርሳለች። ያወቀውን ሁሉ የሚቆልል ሞልቷል፤ ለሚመጣው ሰው አስቦ መቀነስ የሚችል ግን ጥቂት ነው። እኔ ከግድግዳው በፊት የሚገባበትን ሰው ማየት እንዳለብኝ ዛሬ ገና ከእሷ ተማርኩ። ደግሞም ብቻዋን አይደለችም፤ ለሳኙም ልስኑን እየነገራት አብሯት ይሠራል። ተያት፣ ትሥራ።»

እናቲቱ ወንድሟ የተጣመመን ግድግዳ ቀና ነው ብሎ እንደማይመሰክር ታውቃለች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ግን ምሳዋን እዚህ መጥታ ትብላ። ከስታብኛለች።»

ልጅቱም በማግስቱ ለምሳ መጣች። እናቷ ሳህኑን እያቀረበች፣ ወደ ሌላ ቦታ እያየች፣ «ለሳኙ ዛሬ ምን አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።