ቢጫዋ ባለችበት ይፈረም

በአንድ ክልል ፍትሕ ቢሮ፣ ረፋድ ላይ፤ ኃላፊው አቶ ወንድይፍራው ከወረቀት ክምር ኋላ ተቀምጠዋል፣ ዐቃቤ ሕግ የውብዳር ፋይል ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

ወንድይፍራው፦ አልቋል አልኩሽ እኮ! የቢሾፍቱው ስብሰባ ስም ዝርዝር ትናንት ሄዷል። ሐይቅ ዳር መተኛት ለሚቀጥለው ዙር።

የውብዳር፦ ኧረ እኔ ለቢሾፍቱ አልመጣሁም።

ወንድይፍራው፦ ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ በሬ ላይ የምትመላለሺው ምን ፍለጋ ነው? ለአበል መስሎኝ ሁለቴ ተደበቅሁሽ።

የውብዳር፦ ለቆዳ ፋብሪካው ነው። የመክሰሻው ጊዜ ዛሬ ያልቃል። ካልፈረሙበት መዝገቡ ሞተ ማለት ነው።

ወንድይፍራው፦ እሱን ተይው። የዘንድሮ እቅዳችን ፌስታል ነው።

የውብዳር፦ የእኛ እቅድ ነው የትብብሩ?

ወንድይፍራው፦ የክልሎች ዐቃብያነ ሕግ ትብብር ማለት እኮ እኛው ነን።

የውብዳር፦ እኛው ከሆንን ትብብሩ የላከልንን አማካሪ ደመወዝ የውጭ ለጋሾች ምን አስከፈላቸው? እሱ ከመጣ ወዲህ ማን እንደሚከሰስ የምንሰማው ከእሱ ነው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኛ ሳይጠይቅ አንጥፈን ጠበቅነው።

ወንድይፍራው፦ ወጪት ሰባሪ! ኮምፒውተርሽን ማን ገዛው? መኪናውንስ?

የውብዳር፦ መኪናው ፌስታል ወዳለበት ብቻ ነው የሚሄደው። ፋብሪካው ፍሳሹን ወደሚለቅበት ወንዝ ውሰደኝ ብለው ሾፌሩ «ከእቅድ ውጭ ነው» አለኝ። በባጃጅ ሄድኩ።

ወንድይፍራው፦ ሄደሽስ ምን አየሽ?

የውብዳር፦ ወንዙ ሻይ መስሏል። ከፋብሪካው በታች ያሉት ገበሬዎች ከብት አልቆባቸዋል። እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ልብስ ሲያጥቡበት እጃቸው ተልጧል። «የበሬውን ቆዳ ጨርሶ የእኔን ጀመረ» አሉኝ።

ወንድይፍራው፦ … ያሳዝናል። ግን የፋብሪካውን ቆዳ የሚገዛው ኩባንያ ማን መሰለሽ? ከለጋሾቹ አንዱ ነው።

የውብዳር፦ እንዲያ ነው ነገሩ!

ወንድይፍራው፦ እንዲያ አይደለም፤ እንዲያ ይመስላል እንጂ። ይልቅ ነይ ገጽ ግለጪልኝ። እነዚህ አሥራ ሁለት የፌስታል ክሶች ከስድስት ሰዓት በፊት ፍርድ ቤት መግባት አለባቸው። ጋዜጣዊ መግለጫው ከተሰጠ ሦስት ቀኑ ነው።

የውብዳር፦ ክሱ ሳይፈረም?

ወንድይፍራው፦ ቅልጥፍና ይባላል።

የውብዳር፦ አያነቡትም እንዴ?

ወንድይፍራው፦ አማካሪው ቢጫ ወረቀት የለጠፈበት ላይ ፈርም ተብያለሁ፤ እፈርማለሁ። ግለጪ።

የውብዳር፦ ይኸኛው «የክልሉን ሐይቅ በፌስታል በመበከል» ይላል። እኛ ጋ ሐይቅ አለ?

ወንድይፍራው፦ ከሌላ ክልል ሲገለበጥ ነዋ።

የውብዳር፦ ልሰርዘው?

ወንድይፍራው፦ እንዳትነኪ! ስድስት ክልል አንብቦታል፣ ከስድስት ክልል እኔ እበልጣለሁ? ቀጥይ።

የውብዳር፦ ይኸኛውን ግን ያንብቡት።

ወንድይፍራው፦ ቢጫዋ አለች?

የውብዳር፦ አለች። ነገር ግን ከሌሎቹ ይለያል።

ወንድይፍራው፦ ሁሉም ይለያል፤ የተከሳሹ ስም ይለያል።

የውብዳር፦ ለሦስተኛ ጊዜ ልለምንዎት፣ ያንብቡት።

ወንድይፍራው፦ ፈረምኩ! እፎይ። በይ ማኅተም አስመቺና ቶሎ ይግባ። የፋብሪካሽን ነገር ደግሞ ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።

የውብዳር፦ እሺ። ዝም እላለሁ።

(ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እዚያው ቢሮ።)

ወንድይፍራው፦ የውብዳር! አሥራ ሁለት ክስ ሰጥቼሽ ፍርድ ቤቱ እንዴት የአሥራ ሦስት ቀጠሮ ይሰጣል?

የውብዳር፦ አሥራ ሦስት ነው የፈረሙት።

ወንድይፍራው፦ ቆዳ ፋብሪካው! ቢጫዋን ማን ለጠፋት?

የውብዳር፦ እኔ ነኝ። ቢጫ ከሌለበት ብዕርዎ አይነሳም።

ወንድይፍራው፦ ጉድ አፈላሽብኝ! አማካሪው ስልኩን አላቆመም። ምን ልበለው?

የውብዳር፦ ስድስት ክልል አንብቦታል ይበሉት።

ወንድይፍራው፦ አሁን ቀልድ ነው ይህ? ክሱን አንሺው። አሁኑኑ!

የውብዳር፦ የሚነሳው በእርስዎ ደብዳቤ ነው፣ ምክንያት ይጠቀስበታል። «ሳላነብ ስለፈረምኩ» ብለው ይጻፉ። ግልባጩን ለትብብሩም፣ መግለጫውን ለዘገቡት ጋዜጠኞችም አደርሳለሁ።

ወንድይፍራው፦ እንዲያ ብዬ ከጻፍኩማ … አሥራ ሁለቱስ?

የውብዳር፦ እነሱንም አላነበቧቸውም። ሐይቁም አብሮ ይወጣል።

ወንድይፍራው፦ ተይ፣ ተይ! ቆይ … መጥሪያው ገና ፋብሪካው አልደረሰም አይደል? መንገድ ላይ ብናስቀረው?

የውብዳር፦ ስምንት ሰዓት ላይ ደርሷል። የበሩ ዘበኛ ፈርሞ ተቀብሏል። እሱ ግን መጀመሪያ አነበበው።