መሪው የቀለለው አውቶቡስ

ከነቀምት ወደ አኖ ስንሄድ፣ ዝናብ ባራሰው ቁልቁለት ላይ አውቶቡሳችን ሁለት ጊዜ ወደ ገደሉ አፍ ተንሸራተተ። ሾፌሩ በጭንቅ አቆመው።

«ጎማው ነው፤ ጥርሱ አልቋል» አለ።

ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ የሚያመልጥህ ፊቱ ነው ኋላው?» አሉት።

«ፊቱ ነው። መሪው እጄ ላይ ቀሎብኛል፤ ስጠመዝዘው እሺ አይለኝም።»

«እንግዲያው ጭነቱን እየው።»

«ኦቦ፣ መኪና ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግን ቡና በበቅሎ ጭኛለሁ።»

«ታዲያ ይቺ በቅሎ ናት? ገብስ ላምጣላት?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሽማግሌው አልተቆጡም።

«ጭነት ወደ ዳሌዋ ከሸሸ፣ በቅሎ የፊት እግሯ ይቀላል፤ ጭቃውን መቆንጠጥ ያቅታታል። ወጥተህ እይ።»

ሾፌሩ እያጉረመረመ ጣራው ላይ ወጣ።

«ገመዱ ላልቷል! ቅድም ዳገቱን ስንወጣ ጆንያው በሙሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ ተከምሯል!» ሲል ሰማነው።

ወንዶቹ ወጥተው ጆንያውን ወደ ፊት አመጡት፤ ገመዱም ጠበቀ። የቀረውን ቁልቁለት ቀስ ብለን ወረድን።

«አሁንስ፣ ልጄ?»

«ታዘዘኝ! ገለቶማ፣ ኦቦ! እግዜር ይስጥልኝ!»

«እኔን ተወኝ፤ ያስተማረችኝ በቅሎ ናት።»

እኔም አጠገቤ የነበረውን ትንሽ ጓዜን፣ ማንም ሳያየኝ፣ በእግሬ ወደ ፊት ገፋ አደረግሁት።