«ክፈል» ያለው ማነው?

ጂንካ ውስጥ ማር ለሚሸጡት ለእትዬ አስቴር የኢንተርኔት ሱቅ ሠራሁላቸው። ሩቅ ያለ ገዢ ካላገኙ ማራቸውን አንድ ማር ሰብሳቢ ነጋዴ ራሱ በቆረጠው ርካሽ ዋጋ ሊወስደው ነው። ክፍያ የሚቀበልልንንም ድርጅት መርጫለሁ፤ ኮሚሽኑ ትንሽ፣ ገጹ ፈጣን። «ይሞክሩት» ብዬ ስልኬን ሰጠኋቸው። ጣታቸው የመክፈያው ቁልፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«‹ክፈል› ይላል። ማንን ነው ‹አንተ› የሚለው?»

«ኮምፒውተር እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ይሁና! ደንበኛዬን በር ላይ ‹ክፈል› የሚል ሠራተኛ ብቀጥር ዛሬውኑ አባርረዋለሁ። ይኼንንም አባርርልኝ።»

ሳቅኩ፤ ወዲያው ግን አፈርኩ። ድርጅቱ ጋ ስደውል «ቃሉ አይቀየርም፣ ሲስተሙ ነው» አሉኝ። ስንት ቀን የለፋሁበትን አፍርሼ፣ ኮሚሽኑ ከፍ ቢልም ቁልፉ ላይ የፈለግነውን ከሚያስጽፈን ሌላ ድርጅት ጋር አገናኘሁት። ቃሉን ራሳቸው አጻፉኝ፦ «እባክዎ ይክፈሉ፣ ጌታ ይባርክዎ።»

ነጋዴው ማሩን ሊጭን የመጣ ዕለት ስልካቸው ጮኸ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው በኢንተርኔት ሱቁ በኩል ማራቸውን በሙሉ ገዝቷል።

«ተሽጧል» አሉት ነጋዴውን።

«ለማን?»

እትዬ አስቴር ቀና ብለው፣ «ለማላውቃቸው ሰው» አሉ። «ከፍለዋል!»