ጉባኤው በትርሲት ምግብ ቤት

ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ስዘግብ ችሎት ውስጥ ሳቄ ያመለጠኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። በጎረቤት አገር፣ ጉዴሌ በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ያላት ኢትዮጵያዊቷ ትርሲት፣ የአካባቢው ምክር ቤት ቤቷ እንዲዘጋ ስለወሰነባት ከስሳ ነበር። ሕጉ ደግሞ ምክር ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ባለጉዳይዋን በጽሑፍ ጠርቶ እንዲሰማ ያዛል። ዳኛዋ «ስብሰባው ላይ ነበረች?» ብለው ጠየቁ።

የምክር ቤቱ ሰብሳቢ በኩራት «ነበረች እንጂ! አዳራሻችንን ጎርፍ ስለገባው የተሰበሰብነው እሷው ምግብ ቤት ነው» አሉ።

«ቃሏንስ ሰማችሁ?»

«ሰምተናል፣ ክብርት ዳኛ። ‹እንጀራ ልጨምር?› ብላለች። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል።»

እውነትም ሰፍሯል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዳኛዋ ፊታቸውን በመዝገቡ ከለሉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ውሳኔው ተሻረ።

እኔና ትርሲት ደጅ ላይ ቆመን በሳቅ ስንፈርስ፣ በስደት ኢትዮጵያ ያደጉት ሰብሳቢ መጡና ጥርት ባለ አማርኛ «እህቴ ትርሲት፣ መቼም አልተቀየምሽኝም። ዛሬ ምሳ ምን አለ?» አሏት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ጋሼ!» አለች የሳቅ እንባዋን እየጠረገች። «ከእንግዲህ ለምሳም ስትመጡ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁኝ።»