እኔ የከዳሁት በመድረክ ነው

ክቡራትና ክቡራን፣ የባህል ቡድናችን አባላት፤ ስለ ጡረታ መሸኛ ግብዣውም፣ ስለደረባችሁልኝ ጋቢም እግዜር ይስጥልኝ። ምርቃቱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ግን ሲከነክነኝ የከረመውን ልናገር።

በቤተ መንግሥቱ ድራማችን ዐሥራ አንድ ዓመት እልፍኝ አስከልካይ ሆኜ ተጫውቻለሁ። ልዕልቲቱ ፈረሰኛውን ትወዳለች፤ እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማና ለንጉሡ አደርሳለሁ፤ ፈረሰኛው ይጋዛል። እንጅባራ ውስጥ ይህን ያላየ ማን አለ? አንድ ቀን ቆሰበር ገበያ ድንች ልገዛ ብሄድ፣ ወይዘሮ ሽታዬ፣ «ለእርስዎ አልሸጥም፤ ያችን የመሰለች ልጅ አስለቅሰው» ብላ ባዶ ዘንቢሌን መለሰችልኝ። ስቄ ሄድሁ።

ያላሳቀኝ የእናንተ ነው። ልዕልት ሆና የምትጫወተው ዮርዳኖስና ፈረሰኛው አየነው ከመድረክ ውጭም ተዋደዱ። ምን ነውር አለው? ሁለቱም ያላገቡ፣ ሁለቱም ለወግ ማዕረግ የደረሱ ናቸው። ከመካከላችሁ አንዱ ግን ሮጦ ለኃላፊያችን ለአቶ መሳፍንት ሹክ አለ። በሳምንቱ አየነው አዲስ ቅዳም ከተማ ተዛወረ፤ ዛሬ የመጋዘን ቁልፍ ይጠብቃል። ዮርዳኖስም በመድረክ ፍቅሯን የምትነግረው በእሱ ቦታ ለተተካው ለይኸነው ሆነ። ይኸነው የአራት ልጆች አባት ነው፤ ቃሉንም ይረሳል። አትቀየመኝ ወንድሜ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ፣ ጣት የተቀሰረው እኔ ላይ መሆኑ ነው። «ልማዱ ነው» አላችሁ አሉ። ጎበዝ፣ እኔ የከዳሁት በመድረክ፣ በተጻፈልኝ ቃል ነው። ለእናንተስ ማን ጽፎላችሁ ነው?

አቶ መሳፍንት ዘንድ ሦስት ጊዜ ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻው፣ «ጋሼ ዓባይነህ፣ ቁም ነገር ቢሆን ሽማግሌ ይላክ ነበር። ሽማግሌ የተላከ ዕለት ልጁን እመልሰዋለሁ» አሉኝ። ይኸው እዚህ ተቀምጠዋል፤ ካበልሁ ያርሙኝ።

እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አለቃ የለብኝም። የፊታችን እሑድ ዳንግላ ወርጄ፣ የዮርዳኖስ አባት አቶ ወገኔ ደጅ እቆማለሁ። ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ነው። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው እርስዎ ነዎት፣ አቶ መሳፍንት፤ ቃል ከአፍዎ ወጥቷል። ሦስተኛው ያ ሹክ ያለው ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። አብሮን ቆሞ ልጅቱን ለአየነው ከለመነ፣ እኔም ይቅር ብዬዋለሁ።

በሉ ምርቃቴን ተቀበሉ። ትዳራችሁ እንደ ዘንገና ሐይቅ ውኃ የረጋ ይሁን። የሚያስታርቅ ሽማግሌ አይጥፋባችሁ። ነገር አመላላሽን ከደጃችሁ ያርቅላችሁ። ያላገባችሁ ለማግባት ያብቃችሁ፤ ያገባችሁ ተዋድዳችሁ አርጁ።

አሜን ያላችሁ ሁሉ፣ እሑድ ጠዋት መናኸሪያ እንገናኝ።