የምንተስኖት ቀይ መኪና

(አዳማ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይናቸው በፋሻ የታሸገው ወይዘሮ አጸደ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ዘነቡ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ሊገዛት ያሰባትን፣ ግቢው ውስጥ የቆመችውን ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና እየዞሩ ይመረምራሉ።)

ዘነቡ፦ አልገባም አልኩ እኮ እህቴ! እዚች ውስጥ ሰው የሚገባው ተቀምጦ ነው ተኝቶ?

አጸደ፦ ማን ይግቡ አለዎት? የሚነዳት ልጅዎ እንጂ እርስዎ ነዎት እንዴ?

ዘነቡ፦ የልጅ ልጄ ነው። ሱራፌል ይባላል። እናቱ ጥላው ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ነው። እሱ በየቀኑ ሞጆ ለሥራ ሊመላለስባት ነው ያሰበው፤ እኔ ደግሞ በየቀኑ በር ላይ ቆሜ ላልቅ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ልገዛ አልመጣሁም። ላፈርስ ነው የመጣሁት።

አጸደ፦ እንኳን በግልጽ ነገሩኝ። ደላላው የሚያመጣቸው ሁሉ እያሞገሱ ገብተው እያሞገሱ ጠፍተዋል። እሱስ የት ቀረ?

ዘነቡ፦ ከሱራፌልና ከወንድምዎ ከአቶ ጌትነት ጋር ስለ ውሉ ይነጋገራሉ። «ቀድመው እንዳይሄዱ፣ አብረን ነው የምንገባው» ብሎኝ ነበር ወንድምዎ። እኔ ደግሞ ይኼ ሰውዬ የሚደብቀው ነገር አለ ብዬ በባጃጅ ቀደምኳቸው። በርዎ ላይ እንኳ አንዲት ጎረቤት እጄን ያዝ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ስትል፣ ኮሚሽን ፈላጊ መስላኝ ገፍቻት ነው የገባሁት።

አጸደ፦ ሰሞኑን ጎረቤቱ ሁሉ እንዲያ ነው። ሊጠይቁኝ ይመጡና በሹክሹክታ ያወራሉ። ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን አልታመምኩም እላቸዋለሁ። የወንድሜ ልጅ ሰላማዊትም እንደ ዘበኛ ነው የምትጠብቀኝ፤ የዓይን ጠብታዬ አልቆ ፋርማሲ ባትሮጥ ኖሮ እርስዎንም ከበር ትመልስዎ ነበር።

ዘነቡ፦ ዓይንዎን ምን ሆነው ነው?

አጸደ፦ ሞራ። ተገፈፈልኝና ትንሽ ሰንብቶ አመረቀዘ፤ እንደገና አሸጉት። ያኛው ድሮም ጨለማ ነው። አታጎንብሺ፣ አትሳይ፣ አታልቅሺ ተብያለሁ።

ዘነቡ፦ እግዜር ይማርዎት። እንግዲያው ስለማያዩ እኔ ልይልዎት፤ የሚሸጡትን ይወቁት።

አጸደ፦ የልጄን መኪና ለእኔ! ምንተስኖት እኮ ሕፃን እንደሚያጥብ ነው የሚያጥባት። ውስጧ ሳምቡሳ ይዤ ብገባ «እማዬ፣ እሱን ውጭ ጨርሺው» ይለኛል። እናቱን! ከታች ከመታጠፊያው ድምጿን ስሰማ ምሳ አቀርባለሁ፤ ሰዓት አይቼ አላውቅም።

ዘነቡ፦ ድምጿንማ ተዉኝ። ሱራፌል ስልኩ ላይ ቀርጾ አምጥቶ ያሰማኛል። የሰው ልጅ የእጮኛውን ፎቶ ያመጣል፣ የእኔው የሞተር ጩኸት ይዞልኝ መጣ! «አያቴ፣ ስሚያት እንዴት እንደምትስቅ» አለኝ። እኔ የሰማሁት ሳቅ አይደለም።

አጸደ፦ የእኔም እንዲያ ነበር ሲገዛት። በስንት ልመና ነው እሺ ያልኩት።

ዘነቡ፦ እሺ አሉ? እኔ አንቀላፍቼም እሺ አልልም። ደግሞ ዝቅ ያለች ናት ሲሉኝ፣ ይኸው ከጎማዋ በላይ ድመት ያልፋል። ምን አድርገዋት ነው?

አጸደ፦ እሱ ለእኔ ነው። ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኝ ስገባ ስወጣ አለቅስ ነበር። ሞላዋ ሥር ወፍራም ጎማ አስከትቶ ከፍ አስደረጋት፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲወስደኝ እንዳልቸገር። ጓደኞቹ «መኪናዋን ሚኒባስ አደረግካት» ብለው ስንት ሳቁበት!

ዘነቡ፦ የተባረከ ልጅ። ግን እኮ አደገኛ ነው አሉ። ሠፈራችን ያለው መካኒክ ሱራፌልን «እንዲህ የተነሳች መኪና መታጠፊያ ላይ አትታመንም» ሲለው ቆሜ ሰምቻለሁ።

አጸደ፦ የእኔ ልጅ በርጋታ ነው የሚነዳት።

ዘነቡ፦ በርጋታ ለመሄድማ የፈረስ ጋሪ መች ጠፋ? ይችን የሚገዛ ሰው ለርጋታ አይደለም እህቴ።

አጸደ፦ እርስዎ እኮ ምላስዎ ከመኪናዋ ይፈጥናል!

ዘነቡ፦ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ፈሪ ሰው ብዙ ያወራል። እስቲ ይስሙኝ፤ ይኼ የኋላዋ ነው። ሰሙት? ቆርቆሮ ነው፣ ይጮኻል። አሁን ወደፊት ልምጣ። ሰሙ? ድፍን። እንስራ ስገዛ በጣቴ እያንኳኳሁ ነው ስንጥቁን የማውቀው። ይኼ ብረት አይደለም፤ ስቱኮ ነው። ወፍራም ስቱኮ ተለስኖ ቀለም ተቀብቶበታል።

አጸደ፦ የምንተስኖት መኪና ላይ ስቱኮ? ጭረት እንኳ የለባትም እኮ!

ዘነቡ፦ እኔ ያየሁትን ነው። ቀለሙም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ከበሩ ወደ ኋላ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ወደ ፊት ገና ትናንት የተቀባ የሚያብረቀርቅ ቀይ።

አጸደ፦ ፀሐይ ይሆናላ። ቆማ ስለከረመች።

ዘነቡ፦ ፀሐይ የኋላዋን ብቻ መርጣ አትበላም። የፊት መስታወቱስ? አዲስ ነው፤ የተለጠፈበት ወረቀት ገና አልተላጠም።

አጸደ፦ መስታወቱ ተቀይሯል? ጌትነት አልነገረኝም።

ዘነቡ፦ ወንድምዎ ያልነገረዎት ብዙ ሳይሆን አይቀርም። ይቺ በር ደግሞ... ኧረ አትከፈትም! ይኸው፣ በስንት ትግል። ተንሻፍፋለች። መሪው አዲስ ነው። የሾፌሩ ወንበር ደግሞ የሌላ መኪና ነው እህቴ፤ ያኛው ጥቁር ቆዳ፣ ይኼ ግራጫ ጨርቅ። ሰው ወንበር የሚቀይረው ምን ሲሆን ነው? ይቺ መኪና እንዲሁ አልተጋጨችም፤ ይቺ ውስጥ የነበረ ሰው...

አጸደ፦ የነበረ ሰው ምን?

ዘነቡ፦ ቆይ። ልጅዎ አሁን የት ነው ያሉኝ?

አጸደ፦ አላልኩዎትም። ሞያሌ ነው፣ ሥራ ልከውት። ኔትወርክ የለም ይሉኛል።

ዘነቡ፦ መቼ ነው የሄደው?

አጸደ፦ ዓይኔን የታከምኩ ዕለት። በዚችው መኪና ሐኪም ቤት አድርሶኝ «ማታ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለኝ። የመጣው ጌትነት ነው። በድንገት ላኩት አለኝ። አሁን ደግሞ ከዚያው ሆኖ «መኪናዋን ሽጡልኝ፣ ሌላ ልገዛ ነው» ብሏል አሉኝ።

ዘነቡ፦ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምተውታል?

አጸደ፦ በምን? ስልኬ ተበላሽቶ ጌትነት ሊያሠራልኝ ወስዶታል። እስካሁን አላመጣውም። ምነው?

ዘነቡ፦ ኧረ ምንም። እንዲያው ለወሬ ነው።

አጸደ፦ ኮቴዎ ቆመ።

ዘነቡ፦ ፀሐዩ ነው። አናቴን መታኝ መሰለኝ።

አጸደ፦ ይምጡ፣ ጥላው ጋ ይቀመጡ። ወንበሩን ምን አሉኝ ነበር?

ዘነቡ፦ ወንበሩ? ጥሩ ነው። አሁን ጠጋ ብዬ ሳየው አንድ ዓይነት ናቸው።

አጸደ፦ አንዱ ቆዳ ነው፣ አንዱ ጨርቅ ነው አሉ እኮ።

ዘነቡ፦ ልብስ አልብሶት ይሆናል። ወጣት አይደል፣ አዲስ ነገር ይወዳል።

አጸደ፦ ቀለሙስ?

ዘነቡ፦ ጥላ ነው ያሳሳተኝ። የእኔም ዓይን እኮ የልጅ ዓይን አይደለም። አንድ ቀይ ነው፣ ያምራል።

አጸደ፦ ስቱኮውስ?

ዘነቡ፦ እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ እህቴ? መኪናና እንስራ አንድ ይመስል እዚህ ቆሜ አንኳኳለሁ። ሞኝ አሮጊት ነኝ፤ አይስሙኝ።

አጸደ፦ ቅድም ላፈርስ ነው የመጣሁት ያሉት ማን ነበሩ?

ዘነቡ፦ ሰው ሐሳቡን አይቀይርም እንዴ? ሳያት ወደድኳት። የተያዘች መኪና ናት። ልጅዎ በደንብ ይዟታል።

አጸደ፦ ሰላማዊት ጧት ጧት ፊቷን ስትታጠብ ውሃው እንደተከፈተ ይቆያል። ብዙ ይቆያል። ምነው ስላት ሻምፑ ዓይኔ ገባ ትለኛለች። በየቀኑ።

ዘነቡ፦ ወጣቶች ናቸው፤ ሲታጠቡ ይውላሉ።

አጸደ፦ ጌትነት ምግብ ሲያቀርብልኝ ራሱ ያጎርሰኛል። ወንድሜ እኮ ነው፤ ስድሳ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ጉርሻ ሰጥቶኝ አያውቅም። እኔም ለዓይኔ አዝኖልኝ ነው ብዬ እጎርሳለሁ። ሐኪሙ ፋሻው ይነሳ ካለ ሰንብቷል፤ እነሱ ናቸው ገና ነው፣ ገና ነው የሚሉኝ።

ዘነቡ፦ እርስዎን ብለው ነው።

አጸደ፦ እሱንማ አውቃለሁ፤ እኔን ብለው ነው። ስምሽን ማን አልሽኝ?

ዘነቡ፦ ዘነቡ።

አጸደ፦ ዘነቡ፣ እዚህ ቤት ከሚገባ ሰው ሁሉ የማያባብለኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። በር አልፈሽ ስትገቢ የልጄን መኪና ስትሰድቢ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው በደህናው ጊዜ እንደሚያወራ ነው ያወራሽኝ። አሁን አንቺም ድምፅሽ እንደ እነሱ ሆነ።

ዘነቡ፦ ጉሮሮዬ ደርቆ ነው። ውሃ እንኳ አልጠጣሁም።

አጸደ፦ መኪናዋ ጥሩ ናት?

ዘነቡ፦ ጥሩ ናት።

አጸደ፦ ምንም አልሆነችም?

ዘነቡ፦ ምንም።

አጸደ፦ እንግዲያው ሱራፌል ይግዛታ።

ዘነቡ፦ ይ... ይግዛት። ምን ከለከለው?

አጸደ፦ በየቀኑ ሞጆ ይመላለስባት? ክረምት ከበጋ? አንቺም በር ላይ ሳትቆሚ ቤትሽ ገብተሽ ትተኚያለሽ?

ዘነቡ፦ አዎ፣ እተኛለሁ።

አጸደ፦ ማይልኝ።

ዘነቡ፦ በማርያም!

አጸደ፦ ማርያም መሐሪ ናት፤ ውሸትሽን ትምርሻለች። በእሷ አይደለም።

ዘነቡ፦ በአባቴ አጥንት ልማልልሽ። በአባቴም በእናቴም።

አጸደ፦ የሞተ ሰው ምን ይጎዳዋል? በሕያው ነው የምትምዪልኝ። «ይቺ መኪና ምንም አልሆነችም፣ ሱራፌል ይሙት» በይ።

ዘነቡ፦ ተይ እህቴ። እንዲህ ያለ መሐላ ለምን ይጠቅምሻል?

አጸደ፦ ገበያ ስትከራከሪ በቀን ስንቴ ትዪው የለ? «ሱራፌል ይሙት፣ ትናንት በዚህ አልገዛሁም» ትዪ የለ? ሁላችንም እንላለን። እኔስ ስንቴ ምንተስኖት ይሙት ብያለሁ! ለማይረባ ነገር፣ ለሽንኩርት። አንድ ጊዜ ለእኔ በዪው። ከዚያ ፋሻዬን አስሬ፣ ጉርሻዬን ጎርሼ፣ ሞያሌ ነው ብዬ እቀመጣለሁ።

ዘነቡ፦ ወንድምሽ ይምጣ። ከደቂቃ በኋላ ይመጣሉ። እሱን ጠይቂው።

አጸደ፦ እሱማ ይምላል። ለእኔ ብሎ በልጆቹ ሁሉ ይምላል፤ ለዚህ ነው ያልጠየቅኩት። አንቺ ግን የእኔ ዘመድ አይደለሽም። በይ።

ዘነቡ፦ አጸደ...

አጸደ፦ ሱራፌል ይሙት በይ!

ዘነቡ፦ አልልም። አልልም እህቴ፣ ይቅር በዪኝ። እሱ አንድ ነው ያለኝ።

አጸደ፦ እኔስ ስንት ነበረኝ?