የበቅሎዋ ቀለብ

እስቲ ስሙኝማ። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም በርበሬ በበቅሎ እየጫንኩ በምነግድበት ዘመን፣ በሬዬን ሸጬ ሁለተኛ በቅሎ ልገዛ አሰብኩ። አንድ ጧት ከቅዳሴ ስመለስ ጉም ውስጥ ቁጭ ብዬ ትርፌን በመቁጠሪያዬ አሰላሁ። ጸሎቱና ሒሳቡ ተቀላቅሎብኝ፣ በዚያ ነጭ ጉም ውስጥ የበቅሎ መንጋ ስነዳ ታየኝ። ቤት ገብቼ ሐሳቤን ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ለአዲሷ በቅሎ የስንት ቀን ገብስ አሰቡላት?» አለችኝ።

«የምትጫንበትን ቀን ነዋ።»

«በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም አንቱ ሥራ ፈትተው ሲውሉ፣ እሷ ትጾማለች?»

ሣቄ መጣ። የበዓሉን ገብስ ጨምሬ ብቆጥረው፣ ያለችኝ የአንዷ በቅሎ ትርፍ እንኳ ከቀለቧ እምብዛም አያልፍም፤ ሁለተኛዋማ በሬዬን በልታ ባዶ እጄን ልታስቀረኝ ነበር። በሬዬ ከጋጣው ቀስ እያለ ሲያመሰኳ ይሰማኛል። ልሸጠው እንደነበር አያውቅም።